አዲስ ፋን አስገባን ብለው የፕሮሰሰሩን አቅም በግማሽ ቆርጠው መለሱልኝ፤ ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ገና ሳይበርድ ነው። የድሮ ጌም ኮንሶሎችን በኢሙሌተር (ኮንሶሉን በኮምፒውተር ላይ በሚያስመስል ፕሮግራም) ስታስኬዱ የላፕቶፓችሁ ፋን የሚጮህባችሁ ከሆነ፣ ወደ ጥገና ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት የደረሰብኝን አንብቡ።

የጥገና ቤቱን ዓይነት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ላፕቶፑን ተቀብሎ ጀርባውን ሳይከፍት፣ ጆሮውን ብቻ ጠጋ አድርጎ «ፋኑ አልቋል፤ ኦሪጅናል እናስገባልዎታለን፣ ተርማል ፔስቱንም እንቀይረዋለን» (የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው ብረት የሚያሸጋግረውን ቅባት ማለቱ ነው) የሚል፣ ቀብድ ተቀብሎ ስልክ ቁጥር የሚመዘግብ ዓይነት ነው። ቀብዱን ከፈልኩ፤ ስረከብም ቀሪውን ጨመርኩ። ባንኮኒው ላይ ከፍተው ሲያሳዩኝ በእርግጥ ድምፅ አልነበረውም። ነገር ግን ምንም ፕሮግራም ሳይከፈትበት አብዛኛው ላፕቶፕ ጸጥ ያለ ነው። «የምጫወተውን ጌም ከፍቼ ልየው» ስል ያስተናገደኝ ወጣት ፈገግ ብሎ «አይስጉ፣ ዋስትና አለው» አለና ክዳኑን ዘጋው።

ቤት ገብቼ አንድ የፕሌይስቴሽን 2 ጌም ስከፍት ፋኑ እውነትም ዝም አለ። ጌሙ ግን ውኃ ውስጥ እንደሚራመድ ሰው ይጎተት ጀመር። በኢሙሌተሩ መስኮት ግርጌ የሚታየውና ሁልጊዜ 100 በመቶ ላይ የሚቆመው የፍጥነት ቁጥር ወደ 60 ወርዶ፣ ሙዚቃውም እየተቆራረጠ ይንቋቋ ነበር።

በ2000 የወጣው የፕሌይስቴሽን 2 ዋና ፕሮሰሰር ፍጥነቱ 295 ሜጋኸርዝ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የዛሬ ላፕቶፕ ሊቸገርበት አይገባም ብሎ የሚያስብ ሰው አይጠፋም። ይሁን እንጂ ኢሙሌተሩ ለዚያ ፕሮሰሰር የተጻፈውን ትእዛዝ ሁሉ ጌሙ እየሄደ ሳለ ላፕቶፑ ወደሚረዳው መልክ መለወጥ፣ በዚያው ቅጽበትም የኮንሶሉን ቬክተር ዩኒቶች (የ3ዲ ስሌት የሚሠሩ ረዳት ፕሮሰሰሮች)፣ ግራፊክስና ድምፅ ሰዓታቸው ሳይዛነፍ ማስኬድ አለበት። ይህ ሁሉ ሥራ በጥቂት ኮሮች (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች) ላይ ስለሚከመር፣ እነዚያ ኮሮች በተርቦ ቡስት (ፕሮሰሰሩ ለጊዜው ከመደበኛው በላይ በሚፈጥንበት ስልት) እስከሚችሉት ድረስ ይፈጥናሉ፣ ይግላሉ፣ ፋኑም ሙቀቱን ለማስወጣት ይጮሃል። እንግዲህ ጩኸቱን ለማጥፋት ያለው መንገድ ወይ ሙቀቱ በደንብ እንዲወጣ ማድረግ፣ ወይም ፕሮሰሰሩን ከሥራ መያዝ ነው። እነርሱ የመረጡት የትኛውን እንደሆነ የገባኝ የዊንዶውስን ፓወር ኦፕሽንስ ስከፍት ነው። «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት» (የፕሮሰሰሩ አቅም ጣሪያ) የሚለው፣ 100 መሆን የሚገባው ቁጥር፣ በባትሪም በቻርጀርም 50 ተደርጎ ተቀምጧል።

ካቻቪቴ አንስቼ የጀርባውን ክዳን ፈታሁት። ፋኑ አየሩን በሚገፋበት በኩል፣ በቀጫጭኖቹ የሂትሲንክ (የሙቀት ማስወጫው ብረት) ክንፎች ላይ፣ የቆየ አቧራ ተጋግሮ መተላለፊያውን ደፍኖታል። አዲስ በተባለው ፋን ምላሶች ጠርዝ ላይም ያው ግራጫ አቧራ አለ። ተርማል ፔስት ለመቀየር የግድ መፈታት ያለባቸው የሂትሲንክ ብሎኖች ጉድጓድ ሳይቀር በአቧራ እንደተሞላ ነበር። አንድም እጅ አልነካውም።

ላፕቶፑን እንደተከፈተ ይዤ ተመለስኩና ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ፣ ኃላፊ ነኝ ለሚለው ሰው መጀመሪያ አቧራውን፣ ቀጥሎ ቁጥሩን አሳየሁት። አልደነገጠም፤ አላስተባበለምም። ገንዘቤን ሲቀበል «እርስዎ» ይለኝ የነበረው ሰውዬ ወደኋላ ተደግፎ «ጮኸብኝ ብለህ አመጣህ፤ አሁን አይጮህም። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። ቀይረነዋል ያሉት ፋን የታለ ብዬ ስጠይቅ ከኋላ የተቀመጠው ቴክኒሻን ራሱን ቀና ሳያደርግ «ለልጆች ጨዋታ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?» አለ፤ ያ ወጣትም ሳቀ። ደረሰኙን ሳወጣ ኃላፊው በጣቱ ጫፍ ወደ እኔ መልሶ ገፋው። የተጻፈበት «የጥገና አገልግሎት» ብቻ ነው። ፋን የሚል ቃል የለበትም፣ ተርማል ፔስት የሚል የለበትም፤ ዋስትና የተባለውም በአፍ ብቻ ቀረ። ከሌብነቱ ይልቅ ያበገነኝ ይህን መልስ አስቀድመው አዘጋጅተው መጠበቃቸው ነው፤ እንዲህ የሸኙት ሰው እኔ የመጀመሪያው እንዳልሆንኩ ከአነጋገራቸው ያስታውቃል።

ገንዘቡ አልተመለሰም። አቧራውን ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣቴ ይዤ በታመቀ አየር አስወጣሁት፤ ቁጥሩን ወደ 99 አወጣሁት። በብዙ ላፕቶፖች 99 ተርቦ ቡስትን ብቻ ስለሚያስቆም ፕሮሰሰሩ መደበኛ ፍጥነቱን አያጣም፤ ከባድ ጌም ግን ሊያዘግም ስለሚችል እየሞከራችሁ ወስኑ። በኢሙሌተሩ ውስጥም ጌሙ ከ100 በመቶ በላይ እንዳይሮጥ የሚይዘው የፍጥነት ገደብ እንዳልጠፋ አረጋግጡ፣ የምስሉን ጥራትም ስክሪናችሁ ከሚያሳየው በላይ አትለጥጡት፤ በወርድም በቁመትም 6 እጥፍ ማድረግ ማለት ግራፊክሱ 36 እጥፍ ፒክስል እንዲስል ማዘዝ ነው።

የግድ ጥገና ቤት የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ የወጣውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ፣ የተቀየረው ዕቃ ስሙ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፣ ቀሪውን ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊትም የራሳችሁን ጌም እዚያው ባንኮኒው ላይ ከፍታችሁ የፍጥነት ቁጥሩን እዩ።