ዚግ ሲሲ፦ ከአንድ ላፕቶፕ ለአራት ዓይነት ማሽን

የምጽፈው በሲ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። ከሙቀት መለኪያ ሴንሰሮች የሚመጣውን ቁጥር ተቀብሎ ኤስኪውላይት ዳታቤዝ ውስጥ የሚያስቀምጥ አንድ ፕሮግራም አለኝ፤ ሰባት ዓመት ሞልቶታል። ትንሽ ቢሆንም ለሥራቸው የሚመኩበት ሰዎች አሉ። ማሽናቸው ታዲያ አንድ ዓይነት አይደለም፦ ዊንዶውስ ያለው አለ፣ ማክ ያለው አለ፣ ማንም ደፍሮ የማይነካው አሮጌ የሊኑክስ ሰርቨር አለ፣ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ የተሰቀለች ራስፕቤሪ ፓይ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተርም አለች። ፕሮግራሙን ከመጻፍ ይልቅ ለአራቱም ማዘጋጀት ነበር ለዓመታት ጊዜዬን ሲበላው የኖረው። ዚግ ሲሲ የተባለውን የሲ ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም) ዓመት ከመንፈቅ ያህል ከሠራሁበት በኋላ ያየሁትን ልጽፍ የተነሳሁትም ለዚሁ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ መስመር ኢረር ነው። ላፕቶፔ ላይ አዲስ የሊኑክስ ቅጂ ጫንኩ፣ እንደ ወትሮዬ ኮምፓይል አደረግሁ፣ ፋይሉን ወደ አሮጌው ሰርቨር ላክሁ። ሳስነሳው «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» ብሎ ቆመ። ከኮዱ አንዲት ፊደል አልነካሁም። «ሰላም» ብሎ ብቻ የሚያበቃ የሦስት መስመር ፕሮግራም ጽፌ ብልክ እሱም እዚያው ቆመ።

ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ጂሊብሲ ማለት በአብዛኛው ሊኑክስ ላይ የሲ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚደገፉበት ላይብረሪ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2021 በወጣው 2.34 ቅጂ፣ ድሮ ለብቻው ይቀመጥ የነበረው የትሬድ ላይብረሪ ከዋናው ጋር ተዋሐደ፤ በዚያው ሜይን ፈንክሽንን የሚጠራው የመነሻ ፈንክሽን አዲስ የቅጂ ቁጥር ተሰጠው። ሜይን የሌለው ፕሮግራም ደግሞ የለም። ስለዚህ 2.34 ወይም ከዚያ አዲስ ባለው ማሽን ላይ በተለመደው መንገድ የተሠራ ፕሮግራም ሁሉ ከዚያ በታች ባለው ላይ አይነሳም። የእኔ ሰርቨር 2.28 ላይ ነበር።

እስከዚያ ድረስ የነበረኝ አሠራር ይህን ይመስላል፦ ለሰርቨሩ አሮጌ ሊኑክስ በኮንቴይነር (ለብቻው በታጠረ የሶፍትዌር ክፍል) ውስጥ፣ ለራስፕቤሪ ፓይ ለአርም ፕሮሰሰሯ የሚሠራ ጂሲሲ (የታወቀው የሲ ኮምፓይለር) ለብቻው፣ ለዊንዶውስ ሌላ ጂሲሲ፣ ለማክ ደግሞ የጓደኛዬን ላፕቶፕ በየሁለት ወሩ መዋስ። አንዱ ሲታደስ ሌላው ይሰበራል።

ብዙ ሰው ለሌላ ማሽን ኮምፓይል ማድረግ የሚከብደው የዚያን ፕሮሰሰር ቋንቋ ማመንጨቱ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ግን ያ ክፍል ከተፈታ ቆይቷል። ጂሲሲ ለእያንዳንዱ ታርጌት (ፕሮግራሙ ለሚሠራበት የማሽን ዓይነት) ለየብቻ ተሠርቶ ይቀመጣል እንጂ ይችላል። ክላንግ የተባለው ሌላ ኮምፓይለር ደግሞ ኤልኤልቪኤም በሚባል የኮምፓይለር መሠረት ላይ ስለተሠራ በአንዱ ፕሮግራም ውስጥ የብዙ ፕሮሰሰሮችን ቋንቋ ይዞ ይመጣል፤ «ለአርም አድርግልኝ» ቢሉት እሺ ይላል። የሚያቆመው ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ነው፦ የዚያ ማሽን ሄደር ፋይሎች (የላይብረሪ ፈንክሽኖችን ዝርዝር የያዙት) የት አሉ? የሲ ላይብረሪውስ? ሊንከሩ (ኮዱን ከላይብረሪዎች ጋር የሚያያይዘው) ምን ላይ ያገናኘው? እነዚህን ከያሉበት ሰብስቦ፣ ቅጂያቸውን አስማምቶ በፎልደር የማስቀመጡ ሥራ ለተጠቃሚው የተተወ ነበር። ዚግ ሲሲ ያቀለለልኝ ይህንን ነው።

ዚግ አንድሩ ኬሊ የጀመረው ራሱን የቻለ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። ዚግ ሲሲ ግን ከዚያው ፋይል ጋር የሚመጣ የሲ ኮምፓይለር ነው፤ እ.ኤ.አ. ማርች 2020 ላይ ይፋ ሆነ። ለመጠቀም ከዚግ ቋንቋ አንድ መስመር ማወቅ አያስፈልግም፤ እኔም እስካሁን አላውቅም። ውስጡ ያለው ክላንግ ነው፣ ዙሪያውን ግን ሞልተውታል፦ የጂሊብሲ ሄደሮች፣ መስል የተባለው ሌላ የሲ ላይብረሪ ኮድ፣ ለዊንዶውስ ፕሮግራም ለመሥራት የሚያገለግሉት የሚንጂደብሊው ፋይሎች፣ ለማክ የሲስተሙ መሠረታዊ ሄደሮች። ይህ ሁሉ ተጨምቆ የሚወርደው 50 ሜጋባይት ገደማ ነው። ፈትቶ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ የአድሚን ፈቃድም አይጠይቅም።

አጠቃቀሙ፦ በሜክፋይሌ (የኮምፓይል ትእዛዞቼ በተጻፉበት ፋይል) ጂሲሲ ይል የነበረውን ዚግ ሲሲ አልኩት፣ ከኋላው ታርጌቱን ጨመርኩ። ታርጌቱ ሦስት ቃል ነው፤ ፕሮሰሰሩ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ የሲ ላይብረሪው። ለአሮጌው ሰርቨር ጂሊብሲን የሚያመለክተውን «gnu» የሚለውን ከጻፍኩ በኋላ ነጥብ አድርጌ 2.28 ብዬ ቀጠልኩበት። የላክሁት ፋይል ያለ አንድ ኢረር ተነሳ። ቁጭ ብዬ ተርሚናሉን ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት።

እንዴት እንደሚሠራ ሳነብ ይበልጥ ወደድኩት። የትኛው ፈንክሽን በየትኛው የጂሊብሲ ቅጂ እንደገባ የሚናገር የተጨመቀ ዝርዝር ይዟል። 2.28 ሲባል ከዝርዝሩ የዚያን ቅጂ ስሞች ብቻ አውጥቶ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ላይብረሪ በቦታው ሠርቶ ለሊንከሩ ይሰጠዋል። ሊንከሩ ስሙን ካየ ይበቃዋል፤ እውነተኛው ላይብረሪ ሰርቨሩ ላይ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ቀላል መፍትሔ ከኮንቴይነር ክምር ገላገለኝ።

ለአዲስ ታርጌት የመጀመሪያው ኮምፓይል ዘግየት ይላል። የዚያን ታርጌት ደጋፊ ላይብረሪዎች፣ መስል ከሆነ ደግሞ ላይብረሪውን ራሱን፣ ከኮዳቸው አንሥቶ ስለሚሠራ ነው። ከዚያ ለሌላ ጊዜ አስቀምጦ (ካሽ አድርጎ) ይይዘዋል። ከ200 ሺህ መስመር በላይ የሆነው የኤስኪውላይት ፋይልም አንዴ ካለፈ ሁለተኛ አያስጠብቅም።

አሁን ስላስደነገጠኝ ነገር። መጀመሪያ ቀን ያለ ምንም የኦፕቲማይዜሽን (የማፍጠኛ) ፍላግ ኮምፓይል አድርጌ ሳስነሳው «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ሞተ። በጂሲሲ ለዓመታት የሠራ ኮድ! ኮምፓይለሩ የተሳሳተ መሰለኝ። ኦ2 የሚለውን የማፍጠኛ ፍላግ ጨምሬ ስሞክር ደግሞ ምንም ሳይል ሠራ፤ ይህ ጥርጣሬዬን ይበልጥ አጠነከረው። ኋላ እንደገባኝ ዚግ ሲሲ ማፍጠኛ ሳይታዘዝ (በዲበግ ጊዜ) ዩቢሳን የሚባለውን መቆጣጠሪያ ራሱ ያበራል፤ በሲ ደንብ ትርጉም የሌለው ነገር የሚሠራ ኮድ ሲያጋጥመው ፕሮግራሙን እዚያው ያስቆመዋል። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከሴንሰሩ የሚመጣው ፓኬት መጀመሪያ አንድ ባይት መለያ አለው፣ ቀጥሎ አራት ባይት ሰዓት። እኔ ከሁለተኛው ባይት ላይ ፖይንተር ወደ ኢንቲጀር ቀይሬ በቀጥታ አነብ ነበር። አድራሻው ለአራት የማይካፈል ነው። ኢንቴል ፕሮሰሰር ችሎ ያልፈዋል፣ ደንቡ ግን አይፈቅድም፣ የማያሳልፉ ፕሮሰሰሮችም አሉ። ባይቶቹን በሚቀዳው በሜምኮፒ ተካሁት፤ አንድ መስመር። ከ0.14 ቅጂ ጀምሮ የተሳሳተውን ቦታ የሚነግር መልእክት ስለተጨመረ አዲስ ገቢዎች እንደ እኔ በጨለማ አይዳክሩም።

ሁለተኛው ስህተቴ ግን ኮምፓይለር ብዙ ጊዜ የሚይዘው አይደለም፣ ለዚህም ነው ማንም እንዳይሳሳት የምፈልገው። የሙቀቱን መጠን የምይዘው በአንድ ባይት፣ ቻር በሚባለው የሲ የቁጥር ዓይነት ነበር። ማቀዝቀዣ ክፍሉ ውስጥ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ሲሆን ራስፕቤሪ ፓይዋ 253 ብላ መዘገበች። በሊኑክስ ኢንቴል ላይ ቻር ኔጌቲቭ ቁጥር ይይዛል፤ በሊኑክስ አርም ላይ አይዝም። ማኩም አርም ነው፣ ግን አፕል ቻርን ኔጌቲቭ እንዲይዝ ስላደረገው እዚያ ትክክል ነበር። ያው ኮድ፣ ያው ኮምፓይለር፣ ሁለት አርም ማሽን፣ ሁለት መልስ። ሎንግ የሚባለው የቁጥር ዓይነትም እንዲሁ ነው፤ በ64 ቢት ሊኑክስ 8 ባይት፣ በ64 ቢት ዊንዶውስ 4 ባይት። ስለዚህ ፋይሉ ወጣ ማለት ሠራ ማለት አይደለም። ቢያንስ የአርሙን ሌላ ፕሮሰሰር በሚያስመስለው ኪውኢሙ ላይ አስነስቶ ቴስት ማድረግ ግድ ነው። እኔ ቁጥሮቹን ሁሉ መጠናቸው በግልጽ በተጻፈ ዓይነት ለወጥኳቸው።

የማይችለውንም ልናገር። ማክ ላይ መስኮትና በተን ያለው ፕሮግራም ለሚሠራ ሰው አይበቃም፤ የአፕል ፍሬምወርኮች አብረው አይመጡም፣ ከአፕል ኤስዲኬ (የፕሮግራም መሥሪያ ጥቅል) መምጣት አለባቸው። የእኔ ተርሚናል ላይ የሚሠራ ስለሆነ አልቸገረኝም። ለአፕል ሲሊከን (ለአፕል የራሱ አርም ፕሮሰሰር) የሚያስፈልገውን መነሻ ፊርማ ሊንከሩ ራሱ ያኖርበታል፤ ነገር ግን ከኢንተርኔት አውርዶ ለሚከፍተው ሰው ማስጠንቀቂያ እንዳይመጣበት ከተፈለገ በአፕል በኩል ማስመዝገቡ አይቀርም። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ በማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ከተሠሩ የሲፕላስፕላስ ላይብረሪዎች ጋር ማገናኘት የሚፈልግ ሰው በሚንጂደብሊው መንገድ አይሄድለትም።

ሌላው፣ ቅጂው ገና 1.0 አልደረሰም። ከቅጂ ቅጂ ባሕርዩ ሊለወጥ ስለሚችል የምጠቀምበትን ቁጥር ስክሪፕቴ ውስጥ ጽፌ አስሬዋለሁ፤ ወደ አዲስ የማልፈውም አራቱንም ቴስት አድርጌ ነው። በቁጥሩ ምክንያት የሚፈራ ካለ፣ ኡበር የሲና የሲፕላስፕላስ ኮዱን ለአርም ሰርቨሮች ለማዘጋጀት ዚግ ሲሲን እንደተጠቀመ በይፋ ጽፏል።

ባለፈው ወር አንድ ተጠቃሚ ሪስክ ፋይቭ ፕሮሰሰር ያለው ቦርድ እንዳለው ጻፈልኝ። ስክሪፕቱ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ሪስክ ፋይቭ 64፣ ሊኑክስ፣ መስል። ፋይሉን በዚያው ምሽት ላክሁለት። እዚያም ቻር ኔጌቲቭ አይይዝም፤ ያንን ግን ማቀዝቀዣ ክፍሉ አስቀድሞ አስተምሮኛል። ቦርዱን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ከዜሮ በታች ያሉትን ጨምሮ ንባቦቹ ግን በየደቂቃው ልክ እንደሆኑ ይገባሉ።