የአባቴን ቮልስ ቀለም ያገኘሁበት ጋራዥ

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ አለፍ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ጋራዥ አለ። ታፔላ እንኳ የለውም። የድሮ መኪና ያለው ሰው ግን ቢሄድ አይቆጨውም።

የእኔዋ ቮልስ የ1967 ሞዴል ናት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። የአባቴ ነበረች። ልጅ ሆነን ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለችው ጉድጓድ ውስጥ እንተኛ ነበር። ሞተሩ ከኋላችን ስለሆነ ቢሾፍቱ እስክንደርስ ይሞቀናል።

አምና ሌላ ጋራዥ ሰጠኋት። "ሰማያዊ" አልኳቸው። የሚኒባስ ታክሲ ሰማያዊ ቀብተው መለሱልኝ። ሊብሬው ላይም የሚለው ሰማያዊ ነው፤ ምን ብዬ ልከራከር? አንጀቴ አረረ።

የቱሉ ዲምቱው ጋሼ ገና ሳልወርድ "ስኮርታ ጎማውን አውጣው" አሉኝ። ኮፋኖውን ከፍተው፣ ጎማው የሚቀመጥበትን ቦታ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጠረጉት። ጥቁሩ ቅባት ሲለቅ የልጅነቴ ሰማያዊ ብቅ አለ። ፀሐይ ነክቶት አያውቅም። "ልጄ፣ ቀለሟ ይኸውልህ" አሉኝ። ዝም ብዬ አየሁት።

ፋብሪካው በዚያ ሞዴል ዓመት ዜኒት ሰማያዊ የሚባል ፈዘዝ ያለ ቀለም ነበረው፤ ኮዱ ኤል 639። ጠቆር የሚለው ደግሞ ኤል 633 ነው። ጋሼ ሁለቱንም በቃላቸው ያውቃሉ። ግን ኮዱን ብቻ አላመኑም። ቀላቅለው ቁራጭ ላሜራ ላይ ይረጫሉ፣ እስኪደርቅ ይጠብቃሉ፣ ፀሐይ ላይ ከአሮጌው ጎን ያስጠጉታል። "እርጥብ ቀለም ይዋሻል" ይላሉ። በአራተኛው ገጠመ።

ከላይ ቨርኒሽ ይደረግበት ብላቸው እምቢ አሉ። ያኔ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። እውነታቸውን ነው። አሁን በፖሊሽ ሳሻት ጨርቁ ሰማያዊ ይሆናል፣ ልክ አባቴ እሁድ እሁድ ሲያጸዳት እንደነበረው።

ጉድለት አለው። ሦስት ሳምንት ተብዬ ስድስት ፈጀ። ጣሪያው ላይ አቧራ ያረፈባቸው ሁለት ቦታዎች በእጅ ይታወቃሉ። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ ከላሜራና ስቱኮ ሥራው ጋር 95 ሺህ ብር ከፍያለሁ። ያም ሆኖ ነገ ሌላ ቮልስ ቢኖረኝ እዚያው ነው የምወስዳት።

ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ንፋስ ስለሚነሳ ቀለም አይረጩም። ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት ስኮርታው ስር ያለውን ቦታ ማንም እንዳይቀባባችሁ።