ገለቶማ (አመሰግናለሁ) ጋሼ! ጅማ ላይ የድሮ ማስረጃ ፍለጋ ለምትንከራተቱ ሁሉ

ሰላም የጅማ ልጆች። ዛሬ የምጽፈው ለአንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ሽማግሌ ምስጋና ነው፣ ግን ከመንግስት መስሪያ ቤት አንድ ወረቀት ለማውጣት ደጅ የሚጠና ሰው ካለ ደግሞ እንዲጠቀምበት ብዬ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ እባካችሁ እስከመጨረሻው አንብቡት፣ ለምታውቁት ሰውም ሼር አድርጉት።

የእናቴ የጡረታ ጉዳይ አለቀ! ተመስገን። እማዬ ጤና ረዳት ነበረች፣ ያኔ ህዝቡ ድሬሰር የሚላቸው። የተቀጠረችው በ1976 ነው፣ ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ፣ የተመደበችው ደግሞ ከጎጀብ ወንዝ ወዲያ ገጠር ክሊኒክ ውስጥ ነበር። መንገድ የለ፣ መብራት የለ፣ በሌሊት በፋኖስ እየተጠራች ስንት እናት አዋልዳለች፣ እስካሁን ድረስ ጅማ መርካቶ ስንሄድ አቅፈው የሚስሟት ሰዎች አሉ። ከዛ ወደ ጅማ ተዛወረች፣ እኛን ወለደች፣ ስትሰራ ስትሰራ 60 ሞላት።

ጡረታ ስትወጣ ነው ጉዱ የመጣው። ማህደሯ ውስጥ ያለው ወረቀት ከዝውውሯ ነው የሚጀምረው። የቅጥር ደብዳቤ የለም፣ ከዝውውር በፊት ያለው አገልግሎት ምንም ማስረጃ የለውም። ጡረታ ደግሞ የሚሰላው በአገልግሎት ዘመን ነው፣ ያላስረዳሽው ዓመት አይያዝልሽም ተባለች። እነዛ የፋኖስ ዓመታት በሙሉ እንዳልነበሩ ሊሆኑ ነው ማለት ነው። እማዬ ምንም አላለችም፣ ዝም ብላ ቤት መጥታ ተኛች። እኔ ግን እናቴን አውቃታለሁ፣ ያ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል።

ከዛ በኋላ ያየነውን አልዘረዝረውም ብዬ ነበር ግን ካልጻፍኩት አይወጣልኝም። ክፍለ ሀገሩ ሲፈርስ ግማሹ ኦሮሚያ ሆነ ግማሹ ደቡብ፣ በ2014 ደግሞ ያ ወገን ተመልሶ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል ሆነ፣ ፋይሉ በየካርቶኑ ተከፋፍሎ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። እዚህ ስንሄድ የናንተ ፋይል ወደዛ ሄዷል፣ ጎጀብን ተሻግረን ስንሄድ አይ የዛን ጊዜ ፋይል ጅማ ነው የቀረው፣ ተመልሰን ስንመጣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ሌላ ቀን ስንመጣ ቁልፍ የያዘችው ልጅ ፈቃድ ላይ ናት። አንዱ ቢሮ ውስጥ ያለው ልጅ ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳያነሳ "ማዘር ያለውን ተቀብለሽ አርፈሽ ብትቀመጪ አይሻልም?" አላት። አርፈሽ! ዕድሜዋን ሙሉ ሳታርፍ ህዝብ ያገለገለችን ሴት። ሌላው ደግሞ በግልጽ የሻይ ጠየቀን። ጉዳዩን እኔ ጋ ተዉት ብሎ ብር ተቀብሎ ስልኩን የዘጋ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይም አለ። የማንንም ስም አልጠራም፣ የየትኛውንም መስሪያ ቤት ስም አልጠራም፣ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ፣ እግዚአብሔርም ያውቃቸዋል።

እንግዲህ በዛ መሀል ነው አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ እማዬ ከኋላ ተቀምጣ እንባዋን ስትጠርግ በመስታወት አይቷት ነው መሰለኝ፣ "እናቴ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ካሉት ራፖር ጸሐፊዎች (ማመልከቻ የሚጽፉት) መሀል አንድ ሽማግሌ አሉ፣ እሳቸው ጋ ልውሰዳችሁ" ያለን። እውነቱን ለመናገር እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር፣ ማመልከቻማ ስንት ጽፈናል ብዬ።

ጋሼ (ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ ጋሼ እያልኩ ነው የምቀጥለው) አንድ ትልቅ ጃንጥላ ስር አሮጌ ላፕቶፕ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ዝናብ እያካፋ ነው። እማዬን እንዳዩ ከወንበራቸው ተነስተው እሷን አስቀመጡ፣ እሳቸው ቆሙ። ይህን ሁሉ ጊዜ ስንመላለስ ለእናቴ ወንበር የሰጠ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ከዛ ጉዳያችሁ ምንድነው እንኳን ሳይሉ "እትዬ፣ ቁርስ ቀምሰዋል?" አሏት። እኔ እዛው ነው የተሸነፍኩት።

ሁሉንም ነገር አንዴም ሳያቋርጧት ሰሟት። ሲጨርሱ "ከዛ ዘመን እጅዎ ላይ የቀረ አንድ ወረቀት የለም?" ብለው ጠየቁ። እማዬ በፌስታል ጠቅልላ የምትይዘው የዝውውር ደብዳቤ ነበራት፣ ተጨማዷል፣ ጫፉ ተበልቷል፣ የሄድንበት ቢሮ ሁሉ አይቶ ይሄ ዝውውር እንጂ ቅጥር አይደለም ብሎ የመለሰልን ነው። ጋሼ መነጽራቸውን ጠረጉና ከላይ አላነበቡትም፣ በቀጥታ ወደ ግርጌው ነው የወረዱት። ግልባጭ የሚለው ላይ። ጣታቸውን አስቀምጠው "ይኸው" አሉ።

እንዲህ ነው ያስረዱን፦ የእሷ ማህደር ቢጠፋ እንኳ ይሄ ደብዳቤ ግልባጩ ለሌሎችም ተልኳል፣ አንዱ ለደሞዝ ከፋዩ ነው። ደሞዝ የከፈለ መስሪያ ቤት ደግሞ ፔሮል (የደሞዝ መክፈያ ዝርዝር) አለው፣ ፔሮሉ ላይ የእማዬ ስምና ፊርማ አለ። "በስም ፋይል ፈልጉልኝ ካላችሁ መልሱ የለም ነው። የደብዳቤ ቁጥርና ቀን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን የለም ለማለት እንኳ መጀመሪያ መዝገብ መግለጥ አለባቸው" አሉን። ለካ እሳቸው ራሳቸው በወጣትነታቸው መዝገብ ቤት ነው የሰሩት! ይሄን ያህል ቢሮ ስንዞር ያቺን ግርጌ ያነበበ አንድ ሰው አልነበረም እኮ።

ማመልከቻውን በኦሮምኛ ጻፉት፣ መስሪያ ቤቱ የሚሰራው በኦሮምኛ ስለሆነ፣ አሮጌው ደብዳቤ በአማርኛ ስለሆነ ደግሞ ቁጥሩንና ቀኑን ቁልጭ አድርገው ከኮፒው ጋር አያያዙት። እኔ ህግ ብዙም አይገባኝም፣ ግን የነገሩንን እዚህ አስቀምጠዋለሁ ምክንያቱም ሁላችንም ማወቅ አለብን። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 29 ላይ መረጃ የማግኘት መብት አለ፣ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ያንን በዝርዝር ያወጣዋል። ጥያቄ የቀረበለት መስሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፣ ከከለከለም ምክንያቱን በጽሁፍ ነው የሚሰጠው፣ የለም ብሎ በቃል መሸኘት የለም። መጻፍ የማይችል ሰው ቢመጣ እንኳ የቃል ጥያቄውን ተቀብሎ በጽሁፍ ማስፈር የህዝብ ግንኙነቱ ስራ ነው። ካልሆነ ለመስሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤት ይባላል፣ ከዛም እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፣ ከዛም ፍርድ ቤት። ይሄ ሁሉ እያለ እኛ ስንለምን የኖርነው!

ጽፈው ሲጨርሱ ያደረጉት ነገር ነው እስከዛሬ ከልቤ የማይወጣው። ለእማዬ ቃል በቃል በአማርኛ እየተረጎሙ አነበቡላትና "እትዬ፣ ይሄ የእርስዎ ቃል ነው? የጎደለ አለ?" ብለው ጠየቋት። እኛ እስከዛን ቀን ያስገባነው ሁሉ "ትብብር ይደረግልኝ ዘንድ በትህትና እለምናለሁ" የሚል ነበር። የሳቸው መለመን የሚል ቃል የለበትም። የከፋ ክፍለ ሀገር ህዝብን በጤና ረዳትነት ያገለገልኩበት ማስረጃ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ ነው የሚለው። ያገለገልኩበት የሚለው ጋ ሲደርሱ እማዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ጋሼ ማንበባቸውን አቁመው ዝም ብለው ጠበቋት፣ ሌላ ባለጉዳይ ቆሞ እየጠበቀ እንኳ አላጣደፏትም።

ከመሄዳችን በፊት ሁለት ኮፒ አስይዘውን፣ አንዱን አስገቡ፣ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም ሳይደረግበት ከመዝገብ ቤቱ ንቅንቅ እንዳትሉ አሉ። እንዳሉት አደረግን። እዛ ያለው ሰውዬ ማመልከቻውን አይቶ ይሄ አዋጅ ተሽሯል፣ አዲስ የሚዲያ አዋጅ ወጥቷል አለን። እዛው ቆሜ ለጋሼ ደወልኩ። ድምጻቸውን ከፍ እንኳን ሳያደርጉ "ልጄ፣ 1238/2013 የተካው የመገናኛ ብዙኃኑን ክፍል ነው፣ መረጃ የማግኘቱ ክፍል አለ፣ በአክብሮት ንገሪው" አሉኝ። ነገርኩት። ትንሽ አሰበና ማህተሙን መታ። በቃ!

ፔሮሉን ያገኘችልን የመዝገብ ቤት ልጅም ሳትመሰገን መቅረት የለባትም። ሻርፕ አፍንጫዋ ላይ አስራ፣ አቧራ ውስጥ ካርቶን በካርቶን እያወረደች፣ ቁጥሩን ይዛ ፈለገች። መልሱ የመጣው 30 ቀኑ ሳይሞላ ነው። የእማዬ ስም፣ ደሞዟ፣ ፊርማዋ፣ በየወሩ። የልጅነት ፊርማዋ ከአሁኑ በጣም ይለያል፣ ጠምዘዝ ያለ፣ እማዬ ራሷ አይታው ሳቀች። ኮፒው ከዋናው ጋር ተገናዝቦ ማህተም ተደረገበት፣ ጡረታ ጋ ገባ፣ እዛ ያለውን ስሌት አትጠይቁኝ አላውቀውም፣ የማውቀው ዓመታቱ ተያዙላት።

ለጋሼ ልንጨምርላቸው ብር ይዘን ሄድን። አሻፈረኝ አሉ። የተቀበሉት የጽሁፋቸውን ዋጋ ብቻ ነው፣ እሱም ከሌላው ቦታ የሚያንስ ነው። "ለእናትሽ ጫማ ግዢበት፣ ብዙ ተመላልሰዋል" አሉኝ። የዙህር ሶላት ደርሶ ነበርና ላፕቶፑን እኔን አስይዘውኝ ሄዱ። የማያውቁኝን ሰው! ስንቱ ቢሮ እንደ ሌባ ሲያየን ከርሞ።

ጅማ ያላችሁ፣ ከአጋሮም ከሊሙም ከሸቤም የምትመጡ፣ የቅጥር ደብዳቤ የጠፋባችሁ፣ የአባታችሁን የስራ ማስረጃ የምትፈልጉ፣ የይዞታ ፋይል የለም የተባላችሁ፣ እባካችሁ ተስፋ ሳትቆርጡ አንዴ እሳቸው ጋ ሂዱ። ለደላላ ብር አትስጡ። እሳቸው የማይሆነውን አይሆንም ይሏችኋል፣ እኛ እያለን እንኳ አንዱን ሰውዬ ያንተ ጉዳይ በማመልከቻ አይፈታም፣ ጠበቃ ያስፈልግሃል ብለው ገንዘቡን ሳይቀበሉ ሸኝተውታል። ስትሄዱ ቤት ያለውን አሮጌ ወረቀት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ የተቀደደም ቢሆን፣ ይሄ አይጠቅምም ብላችሁ አትምረጡ፣ የሚጠቅመውን እሳቸው ይመርጡታል።

የሚቀመጡበትን ቦታ በኮመንት አልጽፍም፣ ኢንቦክስ ያደረጋችሁኝን ሁሉ በምልክት እነግራችኋለሁ። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ አርብ ከሰዓት አይገኙም።

ጋሼ፣ ይሄን ሰው ካነበበልዎት፣ ገለቶማ! እድሜና ጤና ይስጥልን። እማዬ ጫማውን ገዝታለች፣ ቅዳሜ ተጫምታው እርስዎ ጋ ትመጣለች።