በ52 ዓመቴ ፒያኖ ላስተማረችኝ መምህርቴ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ቡና ተፈልቶ ጎረቤቶቼ በተሰበሰቡበት ትዝታን በፒያኖ ተጫወትኩላቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በሁለት እጄ፣ ሳላቋርጥ። ያዳመጡኝ ሰዎች 30 ዓመት ሙሉ በስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብዬ ሲያዩኝ የኖሩ የባሕር ዳር ሰዎች ናቸው። አንደኛዋ ጎረቤቴ ሲኒዋን በእጇ እንደያዘች ቡናው ቀዘቀዘባት። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የወሰንኩት የዚያን ዕለት ማታ ነው። በዚያ ቀን የተመረቅኩት ምርቃት ሁሉ የሚገባው ለአንዲት ወጣት መምህርት ነውና ባለቤቱን ማሳወቅ አለብኝ።

ስሟን አልጽፍም። ለመጻፍ ፈቃድ ጠይቄያት ነበር፤ «እትዬ፣ ስሜ አደባባይ ባይወጣ ደስ ይለኛል፤ የሚፈልገኝ ሰው በእርስዎ በኩል ይምጣ» አለችኝ። ቃሏን አከብራለሁ። እንዴት እንደምትገኝ መጨረሻ ላይ እናገራለሁ።

ፍላጎቱ ከየት መጣ ለሚለኝ ሰው መልሴ ሬዲዮ ነው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ባረፉ ሰሞን፣ ሱቄ ውስጥ ያለው ሬዲዮ የፒያኖ ድምፃቸውን አሰማኝ። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጥለት እየሰፋሁ ነበር። እግሬን ከመርገጫው አነሣሁ፤ መኪናው ዝም አለ፤ እኔም ዝም ብዬ አዳመጥኩ። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ሙዚቃ የተማሩ፣ ኋላም ግሸን ማርያም የመነኮሱ እናት መሆናቸውን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት የገባኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከባሕር ማዶ የመጣ መሣሪያ የእኛን ዜማ እንዲህ ማንጎራጎር ይችላል። እኔም በገዛ እጄ ልሰማው ፈለግኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሌላ አስተማሪ ነበር። ማንነቱን አልናገርም። አራት ሳምንት ኖታ የሚጻፍባቸውን አምስት መስመርና አራት ክፍተት ስሸመድድ ቆየሁ፤ መሣሪያውን የነካሁበት ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው። በመጨረሻ «ጣትዎ ደርቋል፤ ይልቅ ልጅዎን ያምጡልኝ» አለኝ። ልጅ የለኝም። ወደ ሱቄ ተመልሼ ከዓመት በላይ ስለ ፒያኖ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

መምህርቴን ያገኘኋት ቀሚስ ልታሳጥር ስትመጣ ነው። ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ሳለ ዓይኗን ከእግሬ ላይ አልነቀለችም። «ምነው ልጄ፣ ምን አየሽ?» አልኳት። «እግርዎ አንድ ሥራ ይሠራል፣ ቀኝ እጅዎ ሌላ፣ ግራ እጅዎ ደግሞ ሌላ፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። እኔ ተማሪዎቼን ይህን ለማስለመድ ስንት ወር ይፈጅብኛል» አለችኝ። ምን እንደምታስተምር ጠየቅኳት። አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ተምራ የመጣች የከተማችን ልጅ ናት። ቀሚሷን ያለ ክፍያ አሳጠርኩላት፤ እሷም የመጀመሪያውን ትምህርት ያለ ክፍያ ሰጠችኝ።

ያን የመጀመሪያ ቀን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ የጥቆማዬ ዋናው ምክንያት እሱ ነው።

ቤቷ ሽምብጥ ነው። የምታስተምረው በኤሌክትሪክ በሚሠራ ዲጂታል ፒያኖ ሲሆን ቁልፎቹ እንደ እንጨቱ ፒያኖ 88 ናቸው፤ 52 ነጭና 36 ጥቁር። የእንጨቱን ለምን እንዳልመረጠች ስጠይቃት፣ በውስጡ ከ200 በላይ የብረት አውታር እንዳለ፣ እርጥበት ሲለዋወጥ እንጨቱ እያበጠና እየተኮማተረ ቅኝቱን እንደሚያበላሸው አስረዳችኝ። ጣና ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ክረምት የቁም ሣጥን መዝጊያን ምን እንደሚያደርገው ስለሚያውቅ ነገሩ ወዲያው ገባኝ።

ከዚያ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝ። ክርኔ ከቁልፎቹ በታች ሆነ። ጋቢ አጥፋ ከሥሬ አነጠፈችልኝና ክርኔ ከቁልፎቹ ጋር ሲስተካከል፣ «ነጮቹን ለጊዜው ይርሷቸው» አለችኝ። «ጥቁሮቹ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። ከሦስቱ የመጀመሪያውን ይንኩና ጥቁር ጥቁሩን ብቻ እየተከተሉ ወደ ቀኝ ይሂዱ።»

ነካሁ። አምስት ድምፅ ወጣ፤ ስድስተኛው ላይ የመጀመሪያው ድምፅ ቀጥኖ ተመለሰ። ቀና ብዬ አየኋት። ትዝታ ነው! በልጅነቴ ከእናቴ ጉሮሮ የሰማሁት፣ በየሠርጉና በየሐዘኑ የማውቀው ቅኝት ከጣቴ ሥር ወጣ። በጥቁሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከትዝታ ቅኝት ጋር ስለሚገጥም፣ ጥቁሩን ብቻ እስከነካሁ ድረስ ከቅኝቱ ልወጣ አልችልም። እሷ በግራዬ ተቀምጣ በወፍራሙ ድምፅ ታጅበኝ ጀመር። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲሁ ተጫወትን። ስሕተት የሚባል ነገር በሌለበት ቦታ አስጀመረችኝ፤ ከአራት ሳምንት ሽምደዳ በኋላ ለመጣች ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ከቤቷ ስወጣ ባጃጅ አልያዝኩም፤ በዘንባባዎቹ ሥር እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ ትዝታ ወደ ነጮቹ አዛወረችልኝ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ቁልፎቹ ላይ ስም የሚጻፍበት ወረቀት አትለጥፍም። «ዶ ሁልጊዜ ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ያለችው ነጭ ናት፤ ይህን ካወቁ አይጠፉም» ትላለች፤ እውነትም አልጠፋሁም። አንድ ቀን ደግሞ ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በስተግራቸው ወዳለው ጥቁር ቁልፍ፣ ዝቅ አደረገቻቸውና «አሁን ይጫወቱት» አለችኝ። ያው ዜማ ነው፤ ግን የቀብር ማግሥት ቤት መሰለ። ትዝታ ማይነር የሚሉት እሱ ነው። ለካ ከሁለት ቁልፍ ላይ ግማሽ ድምፅ ሲነሣ የሰው ሆድ እንዲህ ይባባል! ባቲ የሚባለውን ቅኝት ያወቅኩት ከወር በኋላ ነው፤ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። አምባሰልና አንቺሆዬ ገና ይቀሩኛል።

ኖታ አታስተምርም ማለቴ አይደለም፤ በሚገባ ታስተምራለች። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ጣቴ አስቀድሞ የሚያውቀውን ዜማ ወረቀት ላይ ጽፋ ታሳየኛለች። «ይህ የልኬት ወረቀት ነው፤ ልብሱን አስቀድመው ሰፍተውታል» ያለችኝ ቀን ከአምስቱ መስመሮች ጋር ታረቅኩ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ አውራ ጣቴ ነው። የዶ ስኬል ከዶ እስከ ዶ ስምንት ድምፅ ነው፤ ጣት ደግሞ አምስት። ጣቶች ከአውራ ጣት ጀምረው ከ1 እስከ 5 ይቆጠራሉ። ቀኝ እጅ ወደ ላይ ሲወጣ 1፣ 2፣ 3 ብሎ ሚ ላይ ይደርስና አውራ ጣት ከመሐል ጣት ሥር ሾልኮ ፋን መያዝ አለበት፤ ከዚያ እንደገና ከ1 ተነሥቶ እስከ 5 ይቀጥላል። ሲነገር ቀላል ነው። እኔ ግን በሾለክሁ ቁጥር ክርኔ ይነሣል፣ አንጓዬ ይደርቃል፣ ፋ ከሌሎቹ በላይ ይጮኻል። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ። መምህርቴ አንድም ቀን ፊቷ አልጠቆረም። አንድ ማክሰኞ ከአንገቴ ላይ የልብስ መለኪያ ሜትሬን አንሥታ በእጄ ጀርባ ላይ አጋደመችውና «ይህ ሳይወድቅ ይሂዱ፤ ፍጥነቱን ይተዉት» አለች። አሥር ጊዜ ወደቀ። በአሥራ አንደኛው እስከ ላይኛው ዶ ደረስኩ። ያ ሰው ደርቋል ያለው ጣት ነው፤ እሷ የነካችው ግን አንጓዬን ነበር፤ ድርቀቱ የነበረው እዚያ ነው።

ግራ እጅን ያስተማረችኝም በሙያዬ ቋንቋ ነው። «ጨርቁን የሚይዘው እጅ ነው፤ ከቀኙ ጋር አይሽቀዳደም» ብላ ዶን እና ሶልን አንድ ላይ ይዤ እንድቆይ፣ ዜማውን ለቀኝ እጄ እንድተው አደረገችኝ። የቀኙ ፔዳልም ነበረ፤ ሲረገጥ ድምፁ ይቆያል። ጀማሪ እግሩን ከነጭራሹ ስለማያነሣ ድምፅ በድምፅ ላይ ይደራረብና ይደፈርሳል። እኔ ግን በዚህ አልተቸገርኩም፤ እግሬ መቼ እንደሚረገጥና መቼ እንደሚለቀቅ በ30 ዓመት የተማረው ነገር አለ።

ስለ ዕቃ ግዢ ያደረገችልኝን ሳልናገር ማለፍ ግፍ ይሆንብኛል። በሦስተኛው ወር ያጠራቀምኩትን ብር ይዤ ኪቦርድ ልገዛ ስነሣ አብራኝ መጣች። ሻጩ ባለ 49 ቁልፍ፣ መብራት የሚያበራ፣ ከበሮው ብዛቱ የማይቆጠር ዕቃ አቀረበልን። እሷ አንዱን ቁልፍ በቀስታ ነካች፤ ቀጥላ በኃይል ነካች። ድምፁ ያው አንድ ነበር። «ይህ አይሆንዎትም» ብላ እጄን ይዛ ወጣች። መንገድ ላይ ስታስረዳኝ፣ ፒያኖ የሚለው ስም ፒያኖፎርቴ ከሚለው ያጠረ መሆኑን፣ ትርጉሙም በጣሊያንኛ ለስላሳና ብርቱ እንደ ማለት መሆኑን ነገረችኝ። ከፒያኖ በፊት የነበረው ሃርፕሲኮርድ አውታሩን እየቆነጠረ ስለሚያሰማ የቱንም ያህል ቢጫኑት ድምፁ እምብዛም አይለወጥም። በ1700 እ.ኤ.አ. አካባቢ ባርቶሎሜኦ ክሪስቶፎሪ የተባለ የጣሊያን ባለሙያ አውታሩን በትንሽ መዶሻ የሚመታ መሣሪያ ሠራ፤ ከዚያ ወዲህ የጣት ክብደት ድምፅ ውስጥ ገባ። ያን የማያውቅ ኪቦርድ ላይ የሚማር ሰው ጣቱ ሁሉን እኩል መምታት ይለምዳል፤ በኋላ ማስለቀቁ ከባድ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያገለገለ፣ ባለ 61 ቁልፍ፣ ንክኪ የሚለይ ኪቦርድ አፈላልጋ አገኘችልኝ። ካየነው አዲሱ ዕቃ ያነሰ ዋጋ ነበረው። ከሻጩ አንድም ሳንቲም አልተቀበለችም፤ እኔም ላመሰግናት ብር ብሰጣት ቅር ተሰኘች። በባትሪ ድንጋይም ስለሚሠራ መብራት በሚጠፋበት ምሽት ልምምዴ አይቋረጥም፤ ይህንንም አስባ ነው የመረጠችው።

ለእውነት ያህል፣ ለሁሉም ሰው የምትሆን መምህርት አይደለችም። ሰዓት ታከብራለች፤ ሩብ ሰዓት የዘገየ ሩብ ሰዓቱን ያጣል። በአንድ ወር ለሠርግ የሚሆን ዘፈን አስተምሪኝ ብሎ የመጣን ሰው ፊት ለፊት እንደማይሆን ስትነግረው ሰምቻለሁ። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ከመለማመድ በየቀኑ 15 ደቂቃ ትመርጣለች፤ መጀመሪያ እጅን ለየብቻ፣ በዝግታ፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ። ያልተለማመደ ተማሪ ሲመጣ ገና ጣቱ ቁልፍ ሲነካ ታውቃለች። አትቆጣም፤ ግን አዲስ ነገር አትሰጥም፤ ያለፈውን ትደግማለች። እኔ ይህን እወድላታለሁ፤ ገንዘብ ከፍዬ የምሄደው እንድትዋሸኝ አይደለም።

ልጆችንም ታስተምራለች፤ ከ7 ዓመት በታች ግን አትቀበልም። እኔ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ 45 ደቂቃ እየተማርኩ በወር 2,400 ብር እከፍላለሁ። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ፣ በተለይ «አልፎብኛል» ብላችሁ የተዋችሁ፣ በመጀመሪያው ቀን መሣሪያ መግዛት አያስፈልጋችሁም፤ ሁለት ወር በእሷ ፒያኖ ተማሩ፤ የምትገዙትን ራሷ ትነግራችኋለች። በአሁኑ ጊዜ ሐሙስ ከ11 ሰዓት በኋላ ሁለት ክፍት ቦታ አላት። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ወይም ግሽ ዓባይ ሱቄን የምታውቁ ደንበኞቼ ጎራ በሉ፤ አገናኛችኋለሁ።

ልጄ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። በትምህርት ሰዓት አንቱ ልበልሽ ብዬሽ «እርስዎ እናቴ ነዎት» ብለሽ እምቢ ብለሻል፤ ስለዚህ በአንቺ እቀጥላለሁ። እጅሽ ይባረክ። ለቅዳሜው ቡና እንድትመጪ ለምኜሽ «የእርስዎ ቀን ነው» ብለሽ ቀረሽ፤ ጎረቤቶቼ ግን ተጫውቼ ስጨርስ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ አንቺ ነው። ማክሰኞ በ11 ሰዓት እመጣለሁ። አምባሰልን እንጀምራለን ብለሽኛል፤ 15 ደቂቃዬን በየቀኑ ተለማምጃለሁ።