ሲ-7 ወይስ ሲ-10? ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሜራና አላርም ለሚገጥም

ሲ-7 (የዝቅተኛ ቮልት ሥራ) እና ሲ-10 (የኤሌክትሪክ ሥራ) የካሊፎርኒያ የሥራ ተቋራጭ ፈቃዶች ናቸው። ወጪው ብዙም አያለያይም። ሁለቱም 4 ዓመት ልምድ፣ ፈተናና የ25,000 ዶላር ቦንድ (የዋስትና ሰነድ) ይጠይቃሉ። አትደንግጥ፣ የምትከፍለው ሙሉውን ሳይሆን ዓመታዊ ፕሪሚየሙን፣ ማለትም የዋስትናውን ክፍያ ነው። ግን ልምዱ በየዘርፉ ነው፤ ካሜራ ብቻ ሲሰቅል የኖረ ሰው ለሲ-10 ይቸገራል።

ሲ-7፦ ከ91 ቮልት የማይበልጥ ሥራ። ካሜራ፣ ኢንተርኮም፣ የኔትወርክ ገመድ። ካሜራውን ሰቅለህ፣ ገመዱን ስበህ ልትወርድ ስትል ደንበኛው «እግረ መንገድህን እዚህ ጋ ሶኬት ጨምርልኝ» ካለህ እጅህን ሰብስብ። 120 ቮልት ነው።

ሲ-10፦ መደበኛውን የኤሌክትሪክ ሥራ ሁሉ ይይዛል። ጣጣው ሠራተኛ ስትቀጥር ነው። ሠራተኞችህም የየራሳቸው ሰርተፍኬት ያስፈልጋቸዋል፤ ለጄኔራል ኤሌክትሪሽያን 8,000 ሰዓት፣ ለእሳት አላርም ቴክኒሻን 4,000 ሰዓት ልምድ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው፦ የእሳት አላርም ሽቦው ቀጭን ቢሆንም በሲ-7 አይነካም። የሌባ አላርም ደግሞ የራሱ በር አለው፤ የአላርም ድርጅት ፈቃድ የሚሰጠው ሌላ ቢሮ ነው።

ለብቻህ የቤትና የሱቅ ካሜራ የምትሠራ ከሆነ ሲ-7 ይበቃሃል። ዓይንህ ሆቴልና አፓርታማ ላይ ከሆነ ግን የእሳት አላርሙ አይቀርልህም፤ ወይ ሲ-10 አውጣ፣ ወይ ሲ-10 ካለው ጋር ተጣመር።