ጨረቃ ላይ ሰው ይሂድ ወይስ ሮቦት?

ቅዳሜ ማታ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ጎሃ ኮረብታ ላይ ቁጭ ብለን ጨረቃን እያየን ነበር። ጎንደር ከታች መብራቷን አብርታለች። "ሮቦት እያለ ሰው ለምን ይላካል?" አለኝ። ጥያቄው እስከ ቤት ተከተለኝ።

ወጪ፦ ሮቦት ይረክሳል። አይበላም፣ አይተነፍስም፣ ካልተፈለገም እዚያው ይቀራል። ሰው ስንቁን፣ አየሩንና መመለሻውን ይዞ ነው የሚሄደው።

አደጋ፦ ሮቦት ቢከሰከስ የጠፋው ገንዘብና ልፋት ነው። የሰው ሕይወት ግን አይተካም።

ሥራ፦ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ጋ ነው። የአሜሪካው የአፖሎ ፕሮግራም ጠፈርተኞች በ6 ጉዞ 382 ኪሎ ድንጋይና አፈር አምጥተዋል። ሰው አልባው የቻይና መንኮራኩር ቻንግኧ 6 እ.ኤ.አ. በ2024 ያመጣው 2 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ግን ከምድር ከማይታየው የጨረቃ የጀርባ ገጽ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሰው ረግጦ አያውቅም።

ዓይንስ? እ.ኤ.አ. በ1972 የጂኦሎጂ ባለሙያው ሃሪሰን ሽሚት በአፖሎ 17 ሄዶ ሲራመድ፣ ከግራጫው መሬት መሃል ብርቱካናማ አፈር አየ። ወዲያው ቆፍሮ ወሰደ። ሲመረመር ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጡ ጥቃቅን የመስታወት ቅንጣቶች ሆነው ተገኙ። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ቦታው ሩቅ፣ አደገኛና የማይታወቅ ከሆነ ሮቦት ይቅደም። ማርስ ላይ ያለው ተሽከርካሪ ሮቦት ፐርሲቪራንስ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ይህንኑ እየሠራ ነው። መርጦ ማንሳት፣ እዚያው ማሰብና ሐሳብ መቀየር ሲያስፈልግ ግን ሰው ይሂድ። ወንድሜ አሁንም ሮቦት ነው የሚለው።