የአውሮፕላኔን ወንበሮች ላስተካከሉልኝ ባለሙያ ምስጋና እና ጥቆማ

በገዛ እጄ ለምሠራው ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ከአሮጌ መኪና የወጡ ሁለት ወንበሮችን አስተካክለው የሰጡኝን የመኪና ወንበር ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን፣ ተመሳሳይ ሥራ ለጀመራችሁም እርሳቸውን ለመጠቆም ይህን ጽፌያለሁ። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ «ባለሙያው» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ሥራ ሊሰጣቸው የሚሻ ሰው በግል ቢጽፍልኝ እርሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛለሁ።

ወንበሮቹን የወሰድኩላቸው ልብሳቸው እንዲቀየርና ከነሀዲዳቸው የአውሮፕላኑ ወለል ላይ እንዲታሰሩ ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን ጨርቁን ሳይነኩ አንዱን ወንበር አንሥተው ሚዛን ላይ አስቀመጡት፤ 21 ኪሎ ሆነ። «ልጄ፣ ይህ የምትሠራው ነገር ከነሰው ከነነዳጁ ስንት ኪሎ ነው የሚያነሣው?» ብለው ጠየቁኝ። ስነግራቸው ወንበሩን ገልብጠው ሞተሮቹን፣ የማሞቂያ ሽቦዎቹን፣ ወፍራሙን የብረት ሀዲድ አንድ በአንድ እያሳዩ የትኛው ለመኪና ምቾት፣ የትኛው ለሰው መቀመጫ እንደሆነ ለዩልኝ። ሥራው ሲያልቅ የአንዱ ወንበር ክብደት 9 ኪሎ ከ400 ግራም ደርሶ ነበር። ከሁለቱ ወንበሮች 23 ኪሎ ያህል ተቀነሰ ማለት ነው፤ ይህም ከ30 ሊትር በላይ ቤንዚን ይመዝናል።

ወንበሩን ሲፈቱ በመደገፊያው ጎን የተደበቀውን ኤርባግ ከነቢጫ ማገናኛው አገኙትና ወዲያው እጃቸውን ሰበሰቡ። ኤርባጉ ያልፈነዳ ስለነበር በውስጡ ያለው ማቀጣጠያ በትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ በሰው ልብስ ላይ በሚጠራቀመው ጭምር ሊነሣ እንደሚችል ነገሩኝ፤ እኔ በቤቴ ገመዶቹን በመለኪያ መሣሪያ ልፈትሽ አስቤ ስለነበር ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። በዚህ ዓይነት ሥራ የሠለጠነ ሰው ጠርተው በጥንቃቄ አስወገዱት። ብዙ ጊዜ በቀበቶ መቆለፊያው ሥር የሚገኘው፣ በግጭት ጊዜ ቀበቶውን የሚያጠብቀው ማጥበቂያም እንዲሁ ባሩድ መሰል ፈንጂ ስላለው በዚያው አብሮ ተወገደ። አሮጌ ወንበር ገዝታችሁ ቤታችሁ ያስቀመጣችሁ ካላችሁ ይህን ሳታረጋግጡ መፍቻ አታንሡ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ስለ ቀበቶው ነው። በብዙ መኪኖች የትከሻው ቀበቶ በመኪናው ምሰሶ ላይ ሲታሰር መቆለፊያው ግን ከወንበሩ ጋር ነው የሚገጠመው፤ እኔም መቆለፊያውን እንደነበረ ልተወው ፈልጌ ነበር። በአሜሪካ ፈቃድ ለሚሰጣቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው ደንብ በአደጋ ጊዜ ማረፍ ላይ ተሳፋሪው ወደፊት ከክብደቱ 9 እጥፍ፣ ወደላይ 3 እጥፍ፣ ወደጎን ደግሞ 1.5 እጥፍ የሚደርስ ኃይል ቢመጣበት ወንበሩና ቀበቶው እንዲይዙት ይጠይቅ ነበር። ደንቡ በግል ለሚሠራ አውሮፕላን አስገዳጅ ባይሆንም ጥሩ መለኪያ ነው። 77 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወደፊት ሲወረወር ወደ 693 ኪሎ የሚጠጋ ጉተታ ይፈጠራል ማለት ነው፤ የወንበሩ የራሱ ክብደት ገና አልተደመረም። ባለሙያው የአቪዬሽን ደንብ አንብበው አያውቁም። ስሌቱን ስነግራቸው ግን ጣታቸውን ቀበቶው በሚያልፍበት መንገድ ላይ እያስኬዱ ወደ ወለሉ ወረዱና «ታዲያ ይህን ሁሉ የሚይዘው እነዚህ አራት ቡሎኖች ናቸው ወይስ የአውሮፕላኑ አጥንት?» አሉኝ። የሥራው አቅጣጫ የተቀየረው በዚህ ጥያቄ ነው። አሁን ባለአራት ነጥብ ቀበቶዎቹ በቀጥታ ከአውሮፕላኑ የብረት ቱቦዎች ጋር ታስረዋል፤ ወንበሩ የሚሸከመው የተቀማጩን ክብደትና የራሱን ብቻ ነው። የትከሻ ቀበቶው ከትከሻ በታች ቢታሰር ሰውነት ወደፊት ሲሄድ አከርካሪን ወደታች ስለሚጫን፣ ማሰሪያው ከትከሻ ቁመት ትንሽ ከፍ እንዲል አድርገናል።

የመኪናውን ፍሬም በብየዳ ለመቀጠል ስጠይቃቸውም እምቢ አሉኝ። በዘመናዊ መኪና ወንበር ውስጥ ያለው ጠንካራ ብረት በብየዳ ሙቀት ጥንካሬውን ሊያጣ እንደሚችል አስረድተው፣ ፍሬሙን አቅፈው የሚይዙ ማሰሪያዎች ከአዲስ ብረት ሠርተው በቡሎን አሰሩት። ዳዶዎቹ በንዝረት እንዳይላሉ ራሳቸውን የሚቆልፉ ናቸው።

ሀዲዱን ጨርሰን ያስወገድነው ለክብደት ብቻ አይደለም። በመነሣት ላይ ያለ አውሮፕላን ወንበሩ ወደኋላ ቢንሸራተት አብራሪው መሪውን ይዞ ስለሚሄድ አፍንጫው ከልክ በላይ ይነሣል፤ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በ1987 ሴስና በሚባሉት ትንንሽ አውሮፕላኖች በርካታ ሞዴሎች ላይ የወንበር ሀዲድና የመቆለፊያ ፒን ምርመራ ያዘዘው ለዚሁ ስጋት ነው። የእኔ ወንበሮች በሦስት ቋሚ ቦታዎች በቡሎን ይታሰራሉ እንጂ አይንሸራተቱም።

ትራሱን ሲቀርጹ ደግሞ ወንበሩ ላይ አስቀምጠውኝ መሪ ዘንጉን እስከ መጨረሻው ወደ ሆዴ እንድስበው አዘዙኝ። ዘንጉ ሊደርስበት ከሚገባው 4 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው የትራሱን የፊት ጫፍ ነክቶ ቆመ። በጠመኔ ምልክት አድርገው ስፖንጁን በቢላ ጎድጎድ አድርገው ቀረጹትና ወደግራም ወደቀኝም እያስገፉኝ ሦስት ጊዜ ፈተሹት። ለማረፍ መሪውን ሙሉ በሙሉ መሳብ የሚያስፈልገው ሰው በዚያች 4 ሳንቲ ሜትር ምክንያት ምን ሊደርስበት እንደሚችል ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል።

ስፖንጁን በተመለከተ እኔ ለስላሳውን መርጬ ነበር። ለስላሳ ስፖንጅ ግን አውሮፕላኑ መሬት ሲመታ ወዲያው ተጨፍልቆ ያልቅና ሰውየው በፍጥነት ወርዶ ከሥሩ ያለውን ጠንካራ ነገር ይመታል፤ ጉዳቱም በአከርካሪው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከታች ኃይል የሚውጠውንና ቀስ ብሎ የሚመለሰውን ወፍራም ስፖንጅ፣ ከላይ ስስ የምቾት ንጣፍ አደረጉ። የታችኛው ዓይነት መነሻው መሐንዲሱ ቻርልስ ዮስት በ1966 ለናሳ በሠራው ሥራ መሆኑን ስነግራቸው እጅግ ተደሰቱ።

ስለ ልባሱ አጭር ነገር ልበል። የአሜሪካ የመኪና ደንብ የወንበር ጨርቅ በአግድም ሲቃጠል በደቂቃ እስከ 102 ሚሊ ሜትር እንዲሄድ ይፈቅዳል፤ ለአውሮፕላን ጨርቅ የተለመደው ፈተና ግን ቁራጩን ቁልቁል ሰቅሎ ለ12 ሰከንድ ነበልባል ማስነካት ነው። ባለሙያው ከአሮጌውና ከአዲሱ ጨርቅ አንዳንድ ቁራጭ ቆርጠው ደጅ ላይ ለኮሷቸው። አሮጌው እየቀለጠ ተንጠባጠበ፤ አዲሱ እሳቱ ሲነሣለት ጠፋ። ይህ የላቦራቶሪ ምርመራን አይተካም፤ እኔን ለማሳመን ግን በቂ ነበር።

ሥራው ከተቀጠረው ቀን ሁለት ሳምንት ዘግይቷል፤ ለሚቸኩል ሰው ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ። የዘገየውም አንዱን ማሰሪያ ጠርዙ የነዳጅ ቱቦውን ሊነካ ይችላል ብለው ራሳቸው ጥለው እንደገና ስለሠሩት ነው፤ ለሁለተኛው ሥራ ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቁኝም። ወንበሮቹን ባስረከቡኝ ዕለት የእያንዳንዱን ክብደትና ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ያለውን ርቀት በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ መዝግበው ወረቀቱን ከመቀመጫው ሥር ለጠፉት። የስበት ማዕከሉን ያሰላሁት ከዚያ ወረቀት ነው። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ።